ማስታወቂያው ላይ የሚቀሩ ሰዎች

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አካል ጉዳተኞች ቅጥር ነው። ሥራዬ የሰው ሀብት አስተዳደር ስለሆነ ነገሩ ከእጄ አይጠፋም። ከአእምሮዬም አይወጣም።

ስብሰባ ላይ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «በራችን ክፍት ነው፤ ግን የሚያመለክት አካል ጉዳተኛ የለም» ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ከልባቸው ነው። ግን በዓለም ጤና ድርጅት ግምት 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ማለትም ከ6 ሰው አንዱ፣ ጎላ ያለ የአካል ጉዳት አለበት። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ የማመልከቻ ክምር መጥቶ አንድም አካል ጉዳተኛ ከሌለበት፣ ሰዎቹ ገና ማስታወቂያው ላይ ቀርተዋል ማለት ነው።

እስቲ አንድ ማስታወቂያ አብረን እንይ። የሥራ መደቡ የሂሳብ ሠራተኛ። ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የሂሳብ ሶፍትዌር ችሎታ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ይቀጥላል፦ «መንጃ ፈቃድ ያለው»፣ «ሙሉ ጤነኛ የሆነ»። የሂሳብ ሠራተኛ መንጃ ፈቃድ ምን ያደርግለታል? ሲጠየቅ «አልፎ አልፎ ቅርንጫፍ ይሄዳል» ይባላል። እንግዲያው የተፈለገው ቅርንጫፍ መድረስ ነው። በታክሲም ይደረሳል። «ቅርንጫፎችን እየተዘዋወረ ማየት የሚችል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ዓይነ ስውሩም፣ የሚጥል በሽታ ስላለበት መንዳት የማይፈቀድለትም ያመለክታሉ። «ሙሉ ጤነኛ» የሚለውን ደግሞ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ሲያነብ «እኔን አይደለም» ብሎ ገጹን ይዘጋል። ማንም አልከለከለውም፤ ግን ተከልክሏል።

እኔ በጣም የምሟገትለት ነጥብ ይሄ ነው። ማስታወቂያ ላይ ከሥራው የሚጠበቀውን ውጤት እንጻፍ። ውጤቱ በምን መንገድ እንደሚመጣ ለሠራተኛው እንተወው። ሪፖርቱ በጊዜው ከደረሰ በጣት ይተየብ፣ በድምፅ ይነገር፣ ምን ቸገረን?

ማስታወቂያውን ያለፈ ሰው ደግሞ ፎርሙ ይጠብቀዋል። ዓይነ ስውር አመልካች ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር የሚጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው፤ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ኤንቪዲኤ ይባላል፣ በነፃ ነው የሚገኘው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ፤ የሠሩት ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ናቸው። «ዓይነ ስውር ሰው ፕሮግራም መጻፍ ይችላል እንዴ?» የሚል አሠሪ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

አንድ ጓደኛዬ የሥራ ፎርም ሲሞላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አዳምጫለሁ። በታብ ቁልፍ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል። ፎርሙ በደንብ ሲሠራ «ሙሉ ስም፣ የጽሑፍ ሳጥን» ይላል። ያኛው ግን «የጽሑፍ ሳጥን»፣ «የጽሑፍ ሳጥን»፣ «የጽሑፍ ሳጥን» እያለ ቀጠለ። የቱ ስም፣ የቱ ስልክ እንደሆነ በምን ይወቅ? በግምት ሞላው። መጨረሻ ላይ ሮቦት አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ የተጣመሙ ፊደላት ያሉበት ምስል መጣ። የድምፅ አማራጭ የለውም። እኔ ባላነብለት ኖሮ ሲቪው እዚያው ይቀር ነበር። ለሳጥኖቹ ስም መስጠት ለሠሪው የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

ወደ ቃለ መጠይቅ እንምጣ። መስማት የተሳናት አመልካች ከምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ጋር ስትመጣ ጠያቂዎቹ አስተርጓሚውን እያዩ «ንገራት፣ ጠይቃት» ይላሉ። የሚቀጠረው እሱ አይደለም። እሷን እያያችሁ «ምን ሠርተሻል?» በሏት። አስተርጓሚው ከጠያቂው ጎን ይቀመጥ፤ ሁለቱንም ባንድ እይታ ታያለች። ከመስኮት ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አትቀመጡ፤ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ፊትም እጅም ጥቁር ይሆናል።

ወጪውስ? ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፣ ተገቢም ነው። ወጪ የሚያስወጣ ነገር አለ። ራምፕን፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበትን ተዳፋት፣ ውሰዱ። በብዙ የግንባታ መመሪያዎች የተለመደው ልክ 1 ለ 12 ነው፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። በድምሩ 45 ሴንቲሜትር ከፍታ ላላቸው ሦስት ደረጃዎች 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ያስፈልጋል። ለይስሙላ በሁለት ሜትር የተሠራ ራምፕ ሰው ይጥላል። ግን አብዛኛው ጥያቄ እንዲህ ያለ አይደለም። የመግቢያ ሰዓት ማሸጋሸግ፣ ጠረጴዛውን ከጫጫታ ማራቅ፣ መመሪያን ከቃል ይልቅ በጽሑፍ መስጠት፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም።

ሕጉም ቸርነት አይለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ስለ ሥራ ይደነግጋል፤ ከቅጥር አንስቶ እስከ ዕድገት። በአሠሪው ላይ ያልተመጣጠነ ሸክም የማያስከትል ማመቻቸትን፣ ማለትም ሰውየው እንደሌላው እንዲሠራ የሚደረግለትን ማስተካከያ፣ መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነም በግልጽ ይናገራል።

አሁን ብዙ ወደማይወራበት ልግባ፤ ከቅጥር በኋላ ወዳለው። ሰውዬው ተቀጠረ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ሥራ አይሰጠውም። «አይ፣ አንተ አትድከም፣ እኛ እንጨርሰዋለን።» ከንፈር ይመጠጥለታል። ሲሳሳት አይነገረውም፣ ይታለፋል። ዓመቱ ሲያልቅ ዕድገት ሲመጣ ደግሞ «ልምዱ ገና ነው» ይባላል። ልምድ ከየት ያምጣ? ከባዱን ሥራ ወስዳችሁበታል። እኔ ብጠየቅ በግልጽ ከሚሰድብ አለቃ ይልቅ እንዲህ የሚያዝን አለቃ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ሰዳቢውን መክሰስ ይቻላል፣ አዛኙን ግን በምን ቃል ትከሱታላችሁ?

ስለዚህ የሌላውን ያህል ሥራ ስጡት። ሪፖርቱ ከተበላሸ ተበላሽቷል በሉት። «ሥራውን ለመሥራት ምን ያስፈልግሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህን ጥያቄ ለሁሉም አዲስ ሠራተኛ ብታደርጉት ጉዳቱ የማይታይበትም ሰው አፉን ይከፍታል። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሆንከው?» የሚለውን ግን ተዉት። ልንገራችሁ ካለ ይንገራችሁ።

ማስታወቂያ የምትጽፉ ሰዎች ካላችሁ፣ ከታች አንድ መስመር ጨምሩልኝ፦ «ለማመልከት ወይም ለቃለ መጠይቅ ማመቻቸት የሚያስፈልግዎ ከሆነ ያሳውቁን።» ስልክም ኢሜይልም አስቀምጡ፤ ስልክ ብቻ ከሆነ መስማት የተሳነው ሰው ሊደውል አይችልም። ኢሜይሉን ደግሞ የሚከፍት ሰው መድቡ። በሚቀጥለው ክፍል ስለ ፈተና አሰጣጥና ስለ ተጨማሪ ሰዓት አወራለሁ፤ ያጋጠማችሁን ላኩልኝ። ደህና ሰንብቱ።