ከ44ቱ አራቱ

ሰላም ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም መኪና ውስጥ ነኝ። ላስ ቬጋስ ኤርፖርት፣ የታክሲ መጠበቂያው ላይ ሰልፍ ይዤ። ከፊቴ ወደ አርባ መኪና አለ። ከኋላ የምትሰሙት ጫጫታ የእኛው ልጆች ናቸው። ቡናቸውን ኮፈን ላይ አስቀምጠው ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። ተራዬ እስኪደርስ አንድ ነገር ላውራችሁ። መሃል ላይ ብቆርጠው አትቀየሙኝ።

ስለ ፖከር ነው። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ገና ቃሉን ስትሰሙ "ቁማርተኛ!" ብላችኋል። እማዬም እንደዚያው ናት። እሷ የምታውቀው ልጇ አልፎ አልፎ "ካርታ" እንደሚጫወት ነው። በምን እንደምጫወት አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ደግሞ ተማሩልኝ ልላችሁ አይደለም። ከእያንዳንዱ ዙር ካዚኖው ድርሻውን ያነሳል፤ አብዛኛው ሰው ሲቆይ ሲቆይ ከሳሪ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ካዚኖ ገባሁ። የአንድና የሦስት ዶላር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሹ ጨዋታ ማለት ነው። ፊት ለፊቴ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ጋሼ ሁሉንም ካርታ ይጫወታሉ። መጣል፣ ማለትም ካርታቸውን ትተው ከዙሩ መውጣት፣ የሚባል ነገር አይወዱም። "ካርታ ልጥል ነው እንዴ ከቤቴ ድረስ የመጣሁት?" ይላሉ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይይዛል። መሃል ላይ ደግሞ አምስት ካርታ ለሁሉም ይገለጣል። መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ። የመጨረሻዋ ሪቨር ትባላለች። የብዙ ሰው ቤት የፈረሰው በእሷ ነው።

ሁለት ኤስ፣ ትልቁ ካርታ፣ መጣልኝ። ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው። በሰዓት ሠላሳ እጅ ቢጫወቱ ሰባት ሰዓት ተጠብቆ የሚገኝ ነገር ነው። 15 ዶላር አስያዝኩ። ጋሼና አንድ ጎብኚ ተከተሉኝ። ሦስቱ ካርታ ሲገለጥ ኤስ፣ ዘጠኝ፣ አምስት። ሦስት ኤስ ሆነልኝ። 30 አልኩ። ጎብኚው ጣለ። ጋሼ ቺፕሳቸውን፣ በብር ምትክ የሚጫወቱበትን፣ ጣታቸው ላይ አሻሽተው ወረወሩ። አራተኛዋ ሁለት ቁጥር ናት፣ ለማንም የማትጠቅም። 80 አልኩ። ጋሼ ኮፍያቸውን ነካ አደረጉና "ይሁን፣ እንያት" አሉ።

ሪቨር ላይ ሰባት ቁጥር መጣች።

የቀረኝን 275 ዶላር በሙሉ ገፋሁት። ጋሼ ወዲያው "ኮል!" (ያንኑ ያህል እከፍላለሁ) አሉና ስምንትና ስድስት ዘረጉ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ስትሬት፣ አምስት ተከታታይ ካርታ። ሦስት ኤስን ይበልጣል። ተበላሁ።

አሁን ሂሳቡን እዩልኝ። ያቺ 80 ዶላር ስትገባ ጋሼን የሚያድናቸው ሰባት ቁጥር ብቻ ነበር። የኔንም የሳቸውንም ካርታ ብታዩ ያልታየው 44 ካርታ ነው፣ ከነሱ ውስጥ ሰባቶቹ አራት ናቸው። ከአስራ አንድ አንዴ። አስራ አንድ ጊዜ ብንደጋግመው አስር ጊዜ 80 ዶላር ይከስራሉ፣ 800 ማለት ነው። አንዴ ሲሳካላቸው መሃል ያለውንም፣ በኋላ የገፋሁትንም ይወስዳሉ፣ ወደ 460 ገደማ። የከሰረ ንግድ ነው። እኔ ልክ ነበርኩ። ያናደደኝም ልክ መሆኔ ነበር።

"እንዴት በዚህ ካርታ ኮል ያደርጋሉ?" ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ። በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ። ካርታ አዳይዋ "እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ!" አለችን። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ቋንቋ አይፈቀድም፣ ሁለት ሰው ተመካክሮ እንዳያጭበረብር። ጋሼ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ መለሱልኝ። "ምን አጠፋሁ? በገዛ ብሬ። ደግሞ ሰባት የሥላሴ ቀን አይደል?" ከዚያ ቁማር ቤት ውስጥ ሥላሴን መጥራታቸው ትዝ አላቸውና በችኮላ አማተቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ፈረንጆቹ ይሄን ስሜት ቲልት ይሉታል። ከፒንቦል ማሽን የመጣ ቃል ነው። ማሽኑን ተናደህ ከወዘወዝከው "ቲልት" የሚል መብራት ያበራና ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ብትደበድበው አይሰማህም። ጥሩ ቃል ነው፣ ግን የኛው ይሻላል። እልህ። ቲልት የማሽን ብልሽት ነው፤ እልህ ግን ሰው ይፈልጋል። ከአንድ የታወቀ ሰው ጋር ነው የምትጋባው። እልህ ምላጭ ያስውጣል የተባለው ለኔ ነው። ካዚኖው ውስጥ ካለው የብር ማውጫ ማሽን፣ ከኤቲኤሙ፣ የሚቆርጠው ኮሚሽን ሳያሳስበኝ፣ 600 ዶላር አወጣሁ። ያን ሌሊት የምፈልገው ብር አልነበረም። ጋሼን ነበር የምፈልገው። ጋሼ በገቡበት ሁሉ ገባሁ፣ ካርታዬን በወጉ ሳላይ። እሳቸው እንኳን የሚጥሉትን ካርታ ሁሉ እኔ ተጫወትኩ። ሊነጋ ሲል 600ውም አለቀ። ልብ በሉ፣ አብዛኛውን የበሉት ጋሼ አይደሉም። ሌሎቹ ናቸው፣ ዝም ብለው ሲጠብቁኝ የነበሩት።

የመጀመሪያውን 400 ጋሼ ወሰዱ። 600ውን እኔ ሰጠሁ።

ፍሪሞንት ጎዳና ላይ ሰው ባደረስኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ታሪክ አለ። የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ያኔ እዚያ፣ ቢኒየንስ ሆርስሹ የሚባል ካዚኖ ነበር የሚካሄደው። 2002 ላይ ሮበርት ቫርኮኒ የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ሰው፣ ፊል ሄልሙትን በኩዊንና በአስር አባረረው። ሄልሙት የያዘው ኤስና ኪንግ ነበር፣ በጣም የሚሻል ካርታ። ሄልሙት ማለት 1989 ላይ በ24 ዓመቱ ሻምፒዮን የሆነ፣ ሲሸነፍ በመነጫነጭ ስም ያወጣ ሰው ነው። ተናዶ ምን አለ? "ይሄ ሰው ካሸነፈ ፀጉሬን እላጫለሁ!" ቫርኮኒ አሸነፈ። ሁለት ሚሊዮን ዶላር። የመጨረሻው እጁም ያው ኩዊንና አስር። ሄልሙትም እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ ተላጨ። እኔ መቼም ይሄን ሳስብ ትንሽ ቀለል ይለኛል። የዚያ ዓይነት ተጫዋች ያልቻለውን ንዴት እኔ የታክሲ ሹፌሩ እንዴት ልቻለው?

ግን ያረጋጋኝ ሄልሙት አይደለም። ደብተር ነው። ከዚያ ሌሊት በፊትም ደብተር ነበረኝ። አንዱን ገጽ "የተቀማሁት" ብዬ ሰይሜዋለሁ። በደካማ ተጫዋች፣ በማይረባ ካርታ የተበላሁትን ሁሉ እጽፍበታለሁ። ቀን፣ ካርታ፣ የብር መጠን። ሠላሳ አንድ ደርሶ ነበር። አንድ ጓደኛዬ፣ እዚሁ ሰልፍ ላይ፣ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና "የቀማኸውስ?" አለኝ።

ገጽ የለውም። ለካ አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ገጽ ሆነ። ወደ ኋላ ቀርቼ፣ መሸነፍ ሲገባኝ ሪቨር ያዳነችኝን እጅ ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ እጄ አልታዘዘኝም፣ እውነቴን ነው። "ይሄማ ጥሩ ስለተጫወትኩ ነው" እያልኩ አልፌው እሄዳለሁ። በስድስት ወር "የቀማሁት" 17 ሆነ። በዚያው ጊዜ አዲስ የገባው "የተቀማሁት" 22። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚገኝ ሰው ብዙ ጊዜ መቀማቱ ያለ ነው፣ የሚቀማው ነገር አለዋ! ጋሼማ ምናቸው ይቀማል? በስምንትና ስድስት ገብተው።

ያው ደብተር ሌላም ነገር ነገረኝ። ትርፌን በሰዓት ሳካፍለው ከታክሲው ያንሳል። ጋሼን "ደካማ" ያልኩት ሰውዬ ለካ እዚህ ግባ የምባል አይደለሁም። ይቺን ለማንም አትንገሩብኝ።

አሁን የማደርገው ትንሽ ነው። እንደዚያ ስበላ እነሳለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። የባንክ ካርዴን መኪና ውስጥ ትቼ ነው የምገባው። እልሁ እንደሆነ አሁንም ይመጣል፤ ኤቲኤሙ ጋ ሲደርስ ካርዱን ያጣዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሼን ውጭ አገኘኋቸው። በዚያ ሌሊት ስለ ጮህኩት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ አፍሬ ቆይቼ። "ኧረ ተወው፣ እኔ ረስቼዋለሁ" አሉ። ከዚያ ሁሌ ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኩ። "ጋሼ፣ ግን እውነቱን ይንገሩኝ፣ ለምንድን ነው የማይጥሉት?"

ትንሽ ዝም አሉ። "ስትጥለው ምን ታደርጋለህ?" አሉኝ።

"እቀመጣለሁ፣ ሌሎቹን አያለሁ።"

"እሱማ ቤትም አለ" አሉ። "ልጆቹ ካሊፎርኒያ ናቸው። እሷም ካረፈች አራት ዓመቷ። ቤት ተቀምጬ ሳይ ነው የምውለው። እዚህ ስመጣ መግባት ነው የምፈልገው።"

እኔ ደግሞ ሂሳብ ልሠራላቸው ነበር፣ ከ44ቱ አራቱ እያልኩ። 80 ዶላሩ ለሳቸው የምን እንደሆነ...

ኧረ! ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፉብኝ ነው። መጣሁ፣ መጣሁ! በሉ ደህና ሁኑ፣ ሳምንት እንገናኝ።