ሁሉም ቡናማ ወፍ ድንቢጥ አይደለም

[ሱሉልታ፣ የገብስ ማሳ ዳር። ጠዋት። ቀጋ ላይ ሁለት ወፎች አርፈዋል።]

እስቲ እነዚህን ሁለቱን እዩልኝ። አላፊ አግዳሚው «ድንቢጥ» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ባልና ሚስት ይመስሉኝ ነበር። ለካ በሁለቱም ዘንድ ወንዱና ሴቷ መልካቸው አንድ ነው። የምናየው ሁለት ዝርያ ነው።

በአማርኛ ለየብቻ ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ለዛሬ አንዷን «ባለ ሰረዟ»፣ ሌላዋን «ልሙጧ» እንበላቸው።

[ጭንቅላት፣ ከቅርብ]

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቅንድባቸው ላይ ነው። ነጣ ያለ መስመር ነው። ግን ሁለቱም አላቸው! የሚሸውደውም እሱ ነው። ቅንድቡን ተዉትና ደረት እዩ።

[ደረት]

የባለ ሰረዟ ደረት ሕፃን በእስክሪብቶ የሞነጫጨረው ይመስላል። ሰረዙ እስከ ሆዷ ይወርዳል። ከምንቃሯ ሥርም እንደ ጢም የወረደ ጠቆር ያለ መስመር አላት። ልሙጧ ደረቷ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ጎልቶ የሚታይ ሰረዝ የለውም። ጉሮሮዋ ነጣ ይላል። በቁመትም አነስ ትላለች።

እውነተኛዋ የጓሯችን ድንቢጥ ግን ጭንቅላቷ ግራጫ ነው፣ ቅንድብም የላትም።

የስማቸው ነገር ያስቃል። ሁለቱንም በ1840 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የልሙጧ ሳይንሳዊ ስም ዛሬ ክሪታግራ ትሪስትሪያታ ነው። ትሪስትሪያታ «ባለ ሦስት ሰረዝ» ማለት ነው። ልሙጧ! ባለ ሰረዟ ደግሞ ክሪታግራ ስትሪዮላታ ናት። የጋራ ስማቸው ክሪታግራ የመጣው ገብስና አደን ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው። የገብስ አዳኝ። እዚህ ማሳ ዳር ቆሞ ይህን ስም የሚከራከር የለም።

[ምንቃር፣ በዝግታ]

ምንቃራቸው አጭርና ወፍራም ነው። ፍሬውን በምላሷ እያገላበጠች ትሰነጥቀዋለች፤ ገለባው ይወድቃል፣ ፍሬው ይዋጣል። እኛ ሱፍ በጥርሳችን እንደምንፈለፍለው ማለት ነው። በቤት ውስጥ የሚረባው ካናሪም የእነሱ ዘመድ ነው።

ባለ ሰረዟ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ ደጋዎች ድረስ አለች። ልሙጧ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለችም። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢያችን ገብታ ከእግራችን ሥር የምትለቅመው ወፍ ኬንያ ብንሄድ አናገኛትም።

[አንዷ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች]

ይቺኛዋስ? ከጀርባ አልፈርድም። እስክትዞር እንጠብቃት።