የአባቴ ኤች ኢንዴክስ

ደህና ዋላችሁ! በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የድሬን ሰኔ የማያውቅ ሰው ይሄ አይገባውም። ብዙ አላቆያችሁም።

ቅድም ያስተዋወቀኝ ወንድሜ «ሠላሳ ምናምን ጽሑፍ ያሳተመ፣ ብዙ መቶ ጊዜ የተጠቀሰ የኢሚውኖሎጂ ተመራማሪ» ሲል ሰምታችኋል። ኢሚውኖሎጂ የሰውነት መከላከያን የሚያጠና ሳይንስ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። የሚጠቀሰው ግን እኔ አይደለሁም፤ አባቴ ነው።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። አባቴ እዚሁ ድሬዳዋ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። ቲ ሴል ስለሚባለው የሰውነት መከላከያ ሕዋስ ሰምቶ አያውቅም። ፈረንጅ ጽሑፍ ሲጠቅስ የሚይዘው የመጨረሻውን ስም ነው፤ የኛ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባት ነው። እናም በየጆርናሉ «እሱና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት» እየተባለ የሚጠራው ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰውዬ ነው። አንዱ ጆርናል ደግሞ የአያት ስም ካልጨመርክ አለኝ፣ ጨመርኩ፤ ሌላው ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ተሳሳተ፤ የምርምር ጽሑፍ የሚፈለግበት ጎግል ስኮላር ሦስት ሰው አድርጎኝ አረፈው። ተማሪዎች፣ የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት የስማችሁን አጻጻፍ ቁርጥ አድርጉ። ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥርም አውጡ፣ ነፃ ነው።

ወደ ኤች ኢንዴክስ ልምጣ። አንድ ተመራማሪ ስንት ጽሑፍ እንዳለውና ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱለት በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን ይሄን መለኪያ ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ያሉት ሰው ኤቹ 10 ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። አንዱ ጽሑፉ አሥር ሺህ ጊዜ ተጠቅሶ ሌሎቹን ዞር ብሎ ያየ ከሌለ ኤቹ 1 ነው። ደግሞ አይወርድም፤ ጡረታ ወጥቶ ከዚራ ዛፍ ሥር ቡና እየጠጣም ሊጨምርለት ይችላል።

በዚያው በ2005 ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ኢሚውኒቲ የሚባለው ጆርናል ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ኤምአርኤንኤ ለሕዋስ ምን ፕሮቲን ይሥራ የሚል መልእክት በኬሚካል ፊደሎች የያዘ ነገር ነው፤ ከውጭ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ጠላት መጣ ብሎ ይቆጣል። እነሱ ከፊደሎቹ አንዱን፣ ዩሪዲንን፣ ለወጥ አድርገው ሲሞክሩት ቁጣው በረደ። ያኔ ያን ያህል ያጨበጨበ የለም። ካሪኮ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1995 የምርምር ገንዘብ አላመጣሽም ተብላ ከደረጃዋ ዝቅ ተደርጋ ነበር። ከዚያ ኮቪድ መጣ። የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች በዚያ ሐሳብ ላይ ቆሙ፣ በ2023 ኖቤል ተሸለሙ፣ የሚጠቅሳቸውም ሰው ጎረፈ። ጽሑፉ ግን ያው የ2005ቱ ነው፤ አንድ ቃል አልተጨመረበትም።

ሌላም አለ። ኢሚውኖሎጂ ሰፊ ሰፈር ነው፤ ካንሰሩም፣ ክትባቱም፣ አስሙም፣ ወባውም እዚያ ይገናኛል። ሰዉ ብዙ ነው፣ ሁሉም ሁሉን ይጠቅሳል። የሒሳብ ተመራማሪ በዚህ ከኛ ጋር ቢወዳደር ቀፊራ ገበያ መሀል ሹክ እያለ ሎሚ የሚሸጥ ሰው ይሆናል።

የራሳችንን ላንሳ። በ2022 እዚህ ከተማ፣ ያውም በደረቁ ወቅት፣ ወባ ተነስቶ ነበር፤ የታመማችሁም ትኖራላችሁ። ተመራማሪዎች ነገሩን ከእስያ ከመጣችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ ጋር አገናኙት፤ በርሜልና ታንከር ውስጥ ከምትራባዋ ትንኝ ጋር። ጽሑፉ በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ ወጣ። ስንት ሰው እንደጠቀሰው ስልካችሁን ከፍታችሁ አሁኑኑ ማየት ትችላላችሁ። በሱ ምክንያት ስንት በርሜል እንደተከደነ ግን የትም አይቆጠርም።

የኔ፣ ይቅርታ፣ የአባቴ ብዙ የተጠቀሰው ጽሑፍ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሌሎችን ሥራ ያጠናቀርኩበት ነው። በፀሐይ ደም ስንሰበስብ፣ መብራት ሲጠፋ ናሙናው እንዳይበላሽ ጄኔሬተር ስንለምን የከረምንበት አራት ጊዜ ተጠቅሷል። ሁለቱ የራሴ ናቸው። አንዴ ደግሞ ጽሑፌን የገመገመ ሰው፣ ማንነቱ አይነገርም፣ አምስት ጽሑፎች ጨምረህ ጥቀስ አለኝ። አምስቱም የአንድ ሰው ናቸው። ገባኝ። ጠቀስኩለት። የማዕረግ እድገቴ እሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ዛሬ ቢሆን አላደርገውም ብዬም አልምልም።

ቁጥሩን ናቁት እያልኳችሁ አይደለም፤ ሥራ ስታመለክቱ ይጠየቃል። ግን አማካሪ ስትመርጡ ኤቹን አይታችሁ አትሩጡ። ሁለት ጽሑፉን አንብቡ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሠራው ማን እንደሆነና ስሙ ስንተኛ ላይ እንደገባ ጠይቁ።

አባቴ ከማረፉ በፊት አንድ ቀን ስልኬን ከፍቼ አሳየሁት። ስሙ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። መነጽሩን አደረገና ብዙ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ «ታዲያ ምን ሠራ ይላሉ?» አለኝ።