አርባ ሁለት ጠብታ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በደም ሥር ስለሚሰጥ ፈሳሽ ጠብታ ላወራችሁ ነው።

ነርሲንግ ስማር ቀመሯን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነበር የሸመደድኳት፤ የፈሳሹ ሚሊ ሊትር ሲባዛ በአይቪ ሴቱ (ፈሳሹን ከከረጢቱ ወደ ደም ሥር በሚወስደው ቱቦ) የጠብታ ቁጥር፣ ሲካፈል ለደቂቃው። 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ይግባ ከተባለና ሴቱ ባለ 20 ከሆነ፣ ማለትም 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር ከሞላ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ዋርድ ስገባ ሲኒየሮቹ አቋራጩን አሳዩኝ፦ በሰዓት የሚገባውን ለ3 አካፍዪው፣ አለቀ። 125 ለ3፣ ያው 42። (የልጆች ክፍል ባለ 60 ሴት ስለሆነ ማካፈልም የለም፤ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ከሆነ በደቂቃ 30 ጠብታ ነው። እንዴት እንደምቀናባቸው!)

በቃ፣ 42 ምላሴ ላይ ቀረች። ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው።

አንድ ቀን የማታ ተረኛ ነኝ። 2 ሰዓት ላይ ከኦፕራሲዮን ለወጣች ወጣት ከረጢቱን ሰቀልኩ። ሰዓቴን ይዤ 15 ሴኮንድ ቆጠርኩ፤ አስር፣ አስራ አንድ፣ ልክ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ያልቃል ብዬ ሄድኩ። 8 ሰዓት ሳይሞላ ብመለስ ከረጢቱ ጭምድድ ብሏል፣ ደም ወደ ቱቦው መመለስ ጀምሯል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አስታማሚዋን ነው። እኛ አገር ከረጢት ውስጥ ያለ ሁሉ ጉሉኮስ ነው፣ ጉሉኮስ ደግሞ ጉልበት፤ ቶሎ ይግባላት ብሎ መቆጣጠሪያዋን የሚከፍት ስንት አይቻለሁ።

«እማማ፣ ነክተውታል እንዴ?»

«ኧረ ልጄ! ዓይኔን ሳልነቅል ሳየው ነው ያመሸሁት፣ እጄስ የት ደርሶ።»

የሴቱን ማሸጊያ ከቆሻሻ መጣያው አወጣሁት። በሚሊ ሊትር 15 ጠብታ ይላል። ጠብታዋ ከለመድኳት ወፈር ትላለች፤ ለዓይን ግን አትለይም። 31 መሆን ሲገባው እኔ 42 ለቅቄዋለሁ።

ልጅቷ ጤነኛ ልብና ኩላሊት ነበራት፣ ምንም አልሆነችም። ልቧ ደካማ ቢሆን ሳንባዋ ውሃ ሊቋጥር ይችል ነበር። ለሐኪሙ ነገርኩት፣ ቻርቱ ላይም ጻፍኩት። እማማን ይቅርታ ስጠይቃቸው አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ።

ቀጣዩን ስሰቅል አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «አሁንስ ስንት ይሁን?» አሉኝ።

«በ15 ሴኮንድ ስምንት።»

እኔ ሰዓት ያዝኩ፣ እሳቸው ቆጠሩ።