ያለ አለቃ ሥርዓት ይኖራል? አናርኪዝም ከቡና ወሬ ሲጀመር

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የካፌ በረንዳ)

ወጣቷ፦ መንግሥት ባይኖርማ እንበላላ ነበር።

ጋሼ፦ ዕቁባችሁን መንግሥት ነው የሚሰበስብላችሁ?

ተራኪ፦ አናርኪስቶች ሥርዓትን አይጠሉም። የሚቃወሙት ከላይ በኃይል የሚጫን ሥልጣንን ነው። መንግሥትን ብቻም አይደለም፤ ሠራተኛውን እንዳሻው የሚያዝ ባለሀብትንም ጭምር። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፈረንሳዊው አሳቢ ፕሩዶን በ1840 (እ.ኤ.አ.) ራሱን «አናርኪስት» ብሎ ሲጠራ የሞገተው ስለ ንብረት ነበር።

ዕቁቡን እንፈታታው። 20 ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር ይጥላል እንበል። ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ያነሳል፤ በ20 ሳምንት ለሁሉም ይደርሳል። ዳኛውንና ጸሐፊውን አባላቱ ይመርጣሉ፤ ካልተስማማቸው ይቀይራሉ። ችግሩ ያለው መጀመሪያ ላይ ነው፦ በ3ኛው ሳምንት የወጣለት ሰው ገና የ17 ሳምንት ዕዳ አለበት። ስለዚህ ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም።

ወጣቷ፦ ዋሱም ቢክድስ ጋሼ? ያው ፍርድ ቤት ነው የምንሄደው!

ተራኪ፦ ጥያቄዋ ቦታውን አግኝቷል። የአናርኪስቶች መልስ፣ ከሃዲውን ማንም ዳግም ዕቁብ አያስገባውም የሚል ነው። ይህ በሚተዋወቁ 20 ሰዎች መካከል ይሠራል። በሚሊዮኖች መካከልስ? ለዚህ የሚያቀርቡት ፌዴሬሽን ነው፦ ትንንሽ ጉባኤዎች ተወካይ ይልካሉ፤ ተወካዩ የተባለውን ያደርሳል እንጂ በራሱ አይወስንም፤ ካጠፋ በማንኛውም ቀን ከቦታው ይነሳል። እንደ ፓርላማ ምርጫ ዓመታት አይጠበቅም።

ተሞክሯልም። በ1936 (እ.ኤ.አ.) የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር የባርሴሎናን ትራም ሠራተኞቹ ራሳቸው አንቀሳቅሰውታል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን አራት አናርኪስቶች ሚኒስትር ሆነው መንግሥት ውስጥ ገቡ። ጦርነቱ አስገድዶን ነው አሉ። በ1872 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር የተባረረው ሩሲያዊው አናርኪስት ባኩኒን ከማርክስ ጋር የተጣላው፣ ሥልጣን የያዘ አብዮተኛ መልሶ አይለቅም በሚለው ክርክር ጭምር ስለነበር፣ ነገሩ ለተከታዮቹ መራራ ነበር።

(ምስል፦ የታክሲ ሰልፍ)

ወጣቷ፦ እሺ፣ ተራ አስከባሪውስ?

ጋሼ፦ ሰልፉን ተሳፋሪው ራሱ ነው የሠራው። አስከባሪውን ግን ማን መረጠው? ከየታክሲው የሚቀበለውን ብር ማን ይቆጥረዋል? ሾፌሩ «አልከፍልም» ቢል ምን ይደርስበታል?

ወጣቷ፦ ሾፌሮቹ መርጠውት ቢሆንስ? ሲያጠፋም የሚያወርዱት?

ጋሼ፦ ያኔ ከዕቁብ ዳኛሽ በምን ተለየ?