የ2016ቱ ፊዚክስ፦ ለአይቢ ጋይድ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ገጽ

[ምስል፦ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ። ሸራ ላይ የተደረደሩ አሮጌ መጻሕፍት።]

ይሄን መጽሐፍ ተመልከቱልኝ። ፊዚክስ ነው። ጥግ ጥጉ ተላልጧል እንጂ ውስጡ ንጹሕ ነው። ብሔራዊ አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው የገዛሁት። ተከራክሬ፣ ትቼው ሄጄ፣ ተመልሼ ገዛሁት። እህቴ አይቢ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ፕሮግራም የጀመረችው መስከረም 2016 ነው። ገለጥ ሳደርገው በእንግሊዝኛ «የመጀመሪያ ፈተና 2016» ይላል። የዘንድሮ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ገባችሁ አይደል? 2016ቱ የፈረንጆቹ ነው።

እህቴ የምትፈተነው ግንቦት 2017 ነበር፣ በእነሱ 2025። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ አዲሱ ሲላበስ (የትምህርቱ ዝርዝር) ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በዚያው በ2025 ነው። እኔ ያመጣሁላት መጽሐፍ የቀድሞው ነው። እሷ ምስኪን ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢሜጂንግ የሚለውን ምዕራፍ ስታጠና ከረመች። ሌንስ፣ ቴሌስኮፕ፣ ኤክስሬይ፣ አልትራሳውንድ። ማስታወሻዋ በሦስት ቀለም የተሰመረ ነው። አስተማሪዋ አየት አድርጎ «ይሄ እኮ ከሲላበሱ ወጥቷል» አላት። ኦፕሽን የሚባለው፣ ከብዙ አንዱ ተመርጦ የሚጠናው ክፍል በሙሉ ቀርቷል። ኦፕሽኑ የሚጠየቅበት የፈተና ወረቀት፣ ፔፐር 3ም አብሮ ቀርቷል።

ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ስሜ «ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት» ነው።

[ምስል፦ ባዶ ጠረጴዛ፣ ስድስት ደብተር።]

አይቢን (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ድርጅቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ተመሠረተ። የዲፕሎማ ፕሮግራሙ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው። ስድስት ትምህርት ይወሰዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ በኤች ኤል (በከፍተኛ ደረጃ)፣ ሦስቱ በኤስ ኤል (በመደበኛ ደረጃ)። ኤች ኤል ለማስተማር 240 ሰዓት ይመደብለታል፣ ኤስ ኤል 150። እያንዳንዱ ከ7 ይታረማል፣ ስድስቱ ሲደመር 42። ቲ ኦ ኬ (የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ) ከሚባለው ኮርስና እስከ 4,000 ቃል ከሚደርሰው የምርምር ጽሑፍ፣ ከኤክስቴንድድ ኤሴይ እስከ 3 ነጥብ ይጨመራል። ሙሉው 45 ነው። ካስ የሚባለው የፈጠራ፣ የእንቅስቃሴና የበጎ አገልግሎት ሥራም አለ፤ ነጥብ የለውም ግን ካልጨረሱት ዲፕሎማ የለም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚሸከም ልጅ የተሳሳተ መጽሐፍ ላይ ሁለት ሳምንት ሲያባክን ቀላል ነገር አይደለም።

[ምስል፦ የመጽሐፍ የውስጥ ገጽ፣ ጣት ዓመቱ ላይ።]

ግራ የሚያጋባው አንድ ቃል ነው። «ጋይድ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው አይቢ ራሱ የሚያወጣው የትምህርቱ ጋይድ ነው። የሚፈተነው ርዕስ አንድ በአንድ ተዘርዝሮበታል። ፈተናው ስንት ፔፐር እንዳለው፣ የትኛው ስንት ከመቶ እንደሚይዝ አለበት። ይሄ ሱቅ አይፈለግም፤ አስተማሪው ጋ አለ። ጠይቁ። ብዙ ልጅ ጋይዱን ሳያየው ሁለት ዓመቱን ይጨርሳል፣ ይሄ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁለተኛው አሳታሚዎች የሚያሳትሙት ማጠናከሪያ መጽሐፍ ነው። ይሄኛው የመጀመሪያው ማብራሪያ እንጂ ምትክ አይደለም።

ስለዚህ መጽሐፍ ልትገዙ ስትወጡ የርዕሶቹን ዝርዝር ይዛችሁ ውጡ። ሻጩ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ማውጫውን ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ። ዓመቱን ስታዩ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ መደመሩን አትርሱ። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢላችሁ አይዋሽም፤ ለእሱ አዲስ ማለት ያልተቀደደ ነው።

ሒሳብ ላይ ዓመቱ ብቻ አይበቃም። በ2021 እ.ኤ.አ. መፈተን ከጀመረው ሲላበስ ወዲህ ሒሳብ ሁለት ዓይነት ነው፦ ኤ ኤ (አናሊሲስ ኤንድ አፕሮችስ) እና ኤ አይ (አፕሊኬሽንስ ኤንድ ኢንተርፕሪቴሽን)። ሁለቱም ኤስ ኤልና ኤች ኤል አላቸው፤ አራት ልዩ ልዩ ኮርስ ማለት ነው። ኤ ኤ ፔፐር 1 ላይ ካልኩሌተር አይገባም። ኤ አይ ሁሉም ላይ ይገባል። ሽፋኑ ላይ «ማትስ ስተዲስ» የሚል ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት፤ ያ ኮርስ ከዚያ ወዲህ የለም።

[ምስል፦ የጥያቄ ወረቀት፣ እርሳስ፣ የስልክ ሰዓት ቆጣሪ።]

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ካለ መጽሐፉን ተዉት፤ ፓስት ፔፐር (ያለፉ ዓመታት ፈተና) ከነማርክ ስኪሙ (ከነማረሚያው) ያዙ። «ከነ» የምትለዋን አስምሩልኝ። ጥያቄውን ብቻ ኮፒ አድርጎ የሚይዝ ልጅ ግማሹን ኮፒ ቤት ትቶት መጣ።

ለምን መሰላችሁ? አንድ ምሳሌ። ጥያቄው ከአውሮፕላን የዘለለ ሰው ለምን የሆነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ መፍጠኑን እንደሚያቆም አስረዳ ይላል። 3 ማርክ። እህቴ አምስት መስመር ጻፈች። ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ከፍታ፣ ስለ ፓራሹት። እንግሊዝኛው ያምራል። በማርክ ስኪም አርመነው 1 አገኘች። የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር የአየሩ መጎተት ይጨምራል። መጎተቱ ከክብደቱ ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ የተጣራ ኃይል ዜሮ ነው፣ አክስለሬሽን የለም። በቃ። ሦስት ማርክ፣ ሦስት ነጥብ። ከዚያ ቀን ወዲህ መልስ ከመጻፏ በፊት ማርኩን ትቆጥራለች።

ማርክ ስኪሙ ላይ ኢ ሲ ኤፍ (ኤረር ካሪድ ፎርዋርድ፣ የተሻገረ ስሕተት) የሚል ምሕጻረ ቃልም አለ። «ሀ» ላይ ተሳስታችሁ፣ ያንን የተሳሳተ ቁጥር ይዛችሁ «ለ»ን በትክክለኛ መንገድ ብትሠሩ የ«ለ»ን ማርክ ልታገኙ ትችላላችሁ። ግን አራሚው መንገዱን ማየት አለበት። እህቴ ካልኩሌተር ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጋ መልሱን ብቻ የመጻፍ አመል ነበራት። በስንት ምክር ያልተወችውን ይቺ ሦስት ፊደል አስተወቻት።

የድሮ ፔፐርስ አይረባም? ይረባል፣ እየመረጡ። የሜካኒክስ ምርጫ ጥያቄ ዛሬም ያው ነው። የድሮውን ፔፐር 3 ግን ኦፕሽን ስለሆነ እለፉት። አዲሱ ፔፐር 1 ደግሞ «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ ተከፍሏል፤ «ቢ»ው ከግራፍና ከሰንጠረዥ የሚሠራ ነው። እሱን ከአዲሱ ብቻ ተለማመዱ።

የቴሌግራም ፒዲኤፍ ነገርስ? የፋይሉ ስም «አዲስ 2025» ይላል፣ ስትከፍቱት የእኔን ፊዚክስ ታገኛላችሁ። የባለመብቱ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ሃምሳ ፋይል ስልኩ ላይ ያጠራቀመ ልጅ ስንቱን እንዳነበበ ጠይቁት። ለአንድ ትምህርት አንድ መጽሐፍ ይበቃል። እሱም ለሚያስቸግራችሁ ኤች ኤል ቅድሚያ ይሰጠው።

አማርኛስ? አማርኛን እንደ ላንጉዌጅ ኤ ሊትሬቸር፣ ማለትም በራስ ቋንቋ እንደሚሰጥ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። አስተማሪ ባይመደብ እንኳ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ፣ በኤስ ኤል፣ ራስን በማስተማር። ለዚህ ጋይድ ፍለጋ ለገሃር ድረስ አትንከራተቱ። ልብ ወለዶቹን አንብባችሁ ማስታወሻውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ።

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ከውጭ።]

ፔፐር በሰዓት የሚሠራበት ቦታ ቤት አይደለም። እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ «አንዴ ብቻ ነይ» ይባላል። እህቴ አራት ኪሎ አብርሆት ትሄድ ነበር። ታኅሣሥ 2014 የተከፈተው ነው። ስልኳን ቦርሳ ውስጥ ትከታለች፣ አንድ ፔፐር ትሠራለች፣ ማርክ ስኪሙን የምትከፍተው ስትጨርስ ነው። ፋሲካን አስቡበት ደግሞ። የ2016ቱ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፣ ሚያዝያ ውስጥ የሚጀምረው የግንቦቱ ፈተና መሃል ላይ። የ2019ኙም ሚያዝያ 24 ነው። የዶሮ ወጡን ቀን ፕሮግራማችሁ ላይ ቀድማችሁ ክፍት ተዉት።

ፊዚክሱን አልጣልነውም። የሜካኒክስ ጥያቄዎቹን ሠርታ ጨርሳቸዋለች። ኢሜጂንግ ምዕራፍ ላይ ግን በእርሳስ እንዲህ ብላ ጽፋበታለች፦ «ወንድሜ ያስጠናኝ»።