ዘሩን ከነስሙ

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ተማሪዎች፣ የሰፈር ሰዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሥራ ቀን ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስዕሎቹን ግድግዳው ላይ ታዩዋቸዋላችሁ። እኔ የማወራው ጠረጴዛዎቹ ላይ ስላለው ነው። ፍሬ አለ፣ ቅርፊት አለ፣ የደረቀ ቅጠል አለ፣ በብርጭቆ የተቀመጠ አፈር አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ለስዕሉ ዝግጅት ይመስለዋል። ለእኔ ግን መልቀሙ ራሱ ሥራዬ ነው። ከእያንዳንዱ ነገር ጋር ደግሞ ትንሽ ወረቀት አለ። ከየት እንደተነሳ፣ መቼ እንደተነሳ፣ ስሙን ማን እንደነገረኝ ተጽፎበታል። ያቺን ወረቀት ከስዕሉ እኩል ነው የማያት። ዛሬ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከባህር ዛፍ ልጀምር። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ገባና እንጦጦን ሸፈነው። «ስለ አገር ተፈጥሮ የሚሠራ ሰው እንዴት ባህር ዛፍ ይስላል?» የሚሉኝ አሉ። ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሌላ አያበቅልም የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ አብዛኛው ትክክል ነው። ግን ያደግኩት በቅጠሉ እንጀራ ሲጋገር እያሸተትኩ፣ ጉንፋን ሲይዘኝም በእሱ እየታጠንኩ ነው። እግሬ ሥር ያለውን ትቼ ፎቶ ላይ ብቻ ያየሁትን ዛፍ ብስል ውሸት ይሆንብኛል።

ደግሞ ቀርባችሁ እዩት። የነጭ ባህር ዛፍ ለጋ ቅጠል ሰፊና ክብ ቢጤ ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ ቀለም አለው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ያለ አንገት፣ አራት ማዕዘን ግንድ ላይ ይለጠፋል። ዛፉ ሲያድግ የሚያወጣው ቅጠል ደግሞ ረዥም፣ ጠባብና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የአንድ ዛፍ ቅጠል አይመስሉም። ስንት ዓመት ከሥሩ ሳልፍ ይህ አልታየኝም ነበር። የታየኝ ለቅሜ፣ አድርቄ፣ ለመሳል ስቀመጥ ነው።

መልቀም የራሱ ሙያ አለው። ቅጠል በጋዜጣ መካከል ተደርጎ፣ ክብደት ተጭኖበት ነው የሚደርቀው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል፤ አለዚያ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ዘር በፌስታል አይቀመጥም፣ እርጥበት ያፍንበታል። የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ነቀዝ ካሰጋችሁ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ፖስታውን ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን አፈር ነው። አደርቀዋለሁ፣ እወቅጠዋለሁ፣ በወንፊት እነፋዋለሁ። ከዚያ ውሃ ውስጥ እበጠብጠዋለሁ። አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ደቃቁ ገና ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ሳለ ወደ ሌላ ዕቃ እገለብጠዋለሁ። እሱ ሲረጋና ሲደርቅ ቀለም ሆነ ማለት ነው። በእንቁላል አስኳል ወይም በግራር ሙጫ ለውሼ እቀባዋለሁ። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው የብረት ዝገት ነው። ፀሐይ አያደበዝዘውም። እንሶስላ ተቃራኒው ነው። እናቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀልሙበት ያ ሥር ወረቀት ላይም ያምራል፣ ብርሃን ላይ ሲሰነብት ግን ይለቃል። የእንሶስላ ሥራዎቼ ከመስኮቱ ርቀው የተሰቀሉት ለዚህ ነው።

መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ማሳው ላይ የምታዩት ስንጥቅ ሸራው ላይም ይመጣል። ያ ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ሥራ ከአድአ በመጣ መረሬ የተሠራ ነው። ስንጥቁን አልደፈንኩትም። የጤፍ አገር አፈር እንደዚያ ነው፤ ስዕሉ ላይም እንደዚያው ይታይ ብዬ ነው።

አሁን ስለ አንድ ሰዓሊ ልንገራችሁ። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል፣ የጣሊያኗ ቦሎኛ ሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገራችን ሲመጣ ሥዕል የሚሠራለት ሰው አድርጎ ይዞት መጣ። ባሉጋኒ ዕፅዋታችንን ከነአበባቸው፣ ከነፍሬያቸው ሳለ። በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ሞተ። አገሩን ዳግም አላየም። ብሩስ መጽሐፉን በ1790 ሲያሳትም የኮሶ፣ የእንሰትና የጤፍ ስዕሎች አብረው ወጡ፤ የባሉጋኒ ድካም ግን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ዋናዎቹ ስዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ባለው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል። በየአጥሩ ዳር የምናየው የእኛው ኮርች ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪትሪና ብሩሴይ ነው። በብሩስ ስም የተሰየመ ነው።

ይህ ታሪክ ያንገበግበኛል። የባሉጋኒ ብቻ አይደለም። ኮሶውን ያሳዩት፣ «ይህ ለሆድ ትል ነው፣ እንዲህ ተደርጎ ይጠጣል» ያሉት የአገሬው ሰዎችስ? እነሱ ባይናገሩ መጽሐፉ ምን ይዞ ይወጣ ነበር? የአብዛኞቹን ስም የጻፈው የለም። እኔ ወረቀቴ ላይ «ስሙን የነገሩኝ» የሚል መስመር ያኖርኩት ለዚህ ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከፈቀዱ ስማቸው እዚያ ይሰፍራል። ስዕሉ ሲሸጥም ወረቀቱ አብሮ ይሄዳል፤ ወረቀቱን አልፈልግም ለሚል ሰው አልሸጥም።

ይህን ሥርዓት ከራሴ አላመጣሁትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያውን፣ አስቡት። እንዲህ ባለ ስብስብ ውስጥ የደረቀ ተክል ከለቃሚው ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ነው የሚቀመጠው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝረው ትልቅ ሥራ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው እንዲህ ባለ ለቀማ ላይ ቆሞ ነው። 6000 ገደማ ዝርያ ማለት ነው። ሰዓሊዎች ከዕፅዋት ተመራማሪዎች ጋር ብዙ አንገናኝም። ብንገናኝ ደስ ይለኛል።

ሰዓሊው ኤልያስ ስሜም ለቃሚ ነው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቁልፍ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ በኋላም የኮምፒውተር ሽቦና ቦርድ ሰብስቦ የሠራቸው ሥራዎች ዓለምን ዞረዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው መካኒሳ ላይ ያቆሙት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ ሂዱና በእጃችሁ ዳስሱት።

ተማሪዎች፣ ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። ስትለቅሙ አትቁረጡ፣ አትንቀሉ። የወደቀውን አንሱ። እሱንም አስፈቅዳችሁ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ገብቼ ነበር። ዙሪያው እርሻ ነው፣ ከርቀት የሚታየው አረንጓዴ እሱ ብቻ ነው። ወይራውም ጥዱም እዚያ ተጠግተው ተርፈዋል። አንድ አባት የያዝኩትን ፖስታ አይተው «ምን ልታደርግበት ነው?» አሉኝ።

«የወደቀውን ፍሬ ነው የማነሳው አባቴ» አልኳቸው።

«የወደቀውም እኮ ይበቅላል ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ደን ያመጣሁት ዘር የለም። ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳልኩ፣ ስሞቹን እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ፣ ተመለስኩ። በስተቀኝ ያሉት ትንንሾቹ ስዕሎች እነዚያ ናቸው። የእሳቸው ስም ፈቅደው ከሥር ሰፍሯል።

አሁን እርዳታ ልጠይቃችሁ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ስማቸውን ያላገኘሁላቸው ዘሮችና ፍሬዎች አሉ። ወረቀታቸው ባዶ ነው። እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ። አገር ቤት ያደጋችሁ፣ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። በእጃችሁ አንሱት፣ አሽትቱት። በኦሮምኛም በጉራጊኛም በአማርኛም፣ በእናንተ አካባቢ በሚጠራበት ጻፉት። ሁለት ሰው ሁለት ስም ቢጽፍ ሁለቱም ይቆያል። የእናንተንም ስም ከጎኑ ማስፈር አትርሱ።

እጅግ አመሰግናለሁ። ቡናው ደርሷል፣ ወደ ጠረጴዛው እንሂድ።